ሰው ከወንበሩ እንዳይነሳ የሚያደርግ ዶክመንተሪ ጠቁሙኝ

የጠባሴ ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ደብረ ብርሃን ያለነው የወጣት ክበብ ልጆች በየአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት ዶክመንተሪ ማሳየት ጀምረናል። ፕሮጀክተር በውሰት አግኝተናል፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አቡጀዲ ወጥረናል፣ መብራት ካልጠፋ ሁሉም ነገር ይሠራል። ችግሩ ሌላ ነው። ባለፈው ስለ ባሕር እንስሳት አንድ ፊልም አሳየን። ምስሉ እጅግ ያምራል፣ ልጆቹም ዝም ብለው አዩት፣ ሲያልቅ «አሪፍ ነው» ብለው ወጡ። በቃ። እኔ የምፈልገው እንዲከራከሩ ነው፣ ቤታቸው ከገቡ በኋላም ጭምር። የትኞቹን ብናሳይ ይሻላል? ደግሞስ ዶክመንተሪ እውነት የሆነ ነገር ሲለውጥ ያየ አለ ወይስ እንዲሁ የሚወራ ነው?

ሲስተር ከመንዝ፦
በርቺ እህቴ። እኔ የጤና ባለሙያ ስለሆንኩ ከሥራዬ ነው የምጀምረው። «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» የሚለውን አሳዪአቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ነው። ፊስቱላ የያዛቸው የገጠር ሴቶች ከየቀያቸው ተነስተው አዲስ አበባ ሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል እስኪደርሱና እስኪታከሙ ይከተላቸዋል። አብዛኛው ንግግር አማርኛ ስለሆነ አስተርጓሚ አትፈልጉም፣ ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ።

አንዷ ሴት ከእናቷ ቤት ተጠግታ በተሠራች ደሳሳ ጎጆ ለብቻዋ ነው የምትኖረው። ሽንቷ ያለማቋረጥ ስለሚፈስ ሰው ሸሽቷታል። መንስኤው ግን እርግማንም ቡዳም አይደለም። ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ጭንቅላት ፊኛዋ አካባቢ ያለውን ሥጋ ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፣ ደም አይደርሰውም፣ ይሞትና ይበሳል። በጊዜ ሐኪም ቤት የደረሰች እናት ከዚህ ትድናለች። አንዴ ከደረሰባትም በኋላ ቢሆን አብዛኛው በቀዶ ጥገና ይጠገናል፣ ሐምሊን ደግሞ በነፃ ነው የሚያክመው። ይሄን የማያውቅ ሰው እኛ አካባቢ ሞልቷል።

ለውጥ አይቼ እንደሆነ ለጠየቅሽው፣ አይቻለሁ። ፊልሙን ለእናቶች ያሳየን ጊዜ ሰዉ ከተበተነ በኋላ አንዲት እናት ወደኋላ ቀረችና «የእህቴም ልጅ እንዲህ ናት፣ ቤት ደብቀናታል» አለችኝ። ልጅቷ ሄዳ ታክማ መጥታለች። ልብ በይ፣ ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ የት እንደሚኬድ የሚያውቅ ሰው ባይኖር ኖሮ ሴትዮዋ አልቅሳ ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር። ስለዚህ ፊልሙን ከመምረጥሽ እኩል ሲያልቅ የሚቆመውን ሰው ምረጪ።

የደብረ ሲና ሰው፦
ልጆቼ፣ የለውጥ ነገር ከተነሳ ከራሳችን አገር የሚበልጥ ምሳሌ አላውቅም። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ላይ ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ሕዝቡ በየመንገዱ እየወደቀ መንግሥት ነገሩን ሸፋፍኖት ነበር። ያ ፊልም ከታየ በኋላ መደበቅ አልተቻለም፣ የእርዳታ ገንዘብም ከውጭ መጉረፍ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ወጣቱ ብዙም አያውቀውም። ደርግ ያንኑ ፊልም ወስዶ በረሃብተኛው መሃል የቤተ መንግሥቱን ግብዣና ድግስ እየሰነጠቀ አስገባበትና መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ለሕዝብ አሳየው። በማግስቱ ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። እርግጥ ነው፣ የመንግሥቱ መውደቅ የወራት ነገር ነበር፣ ወታደሩም ተማሪውም ታክሲ ነጂውም አስቀድሞ ተነስቷል። ፊልሙ ግን የመጨረሻዋን ሰዓት አመቻቸ።

ረሃቡ እውነት ነው። መደበቁም እውነት ነው። ድግሱም ተደግሷል። ሆኖም ጋዜጠኛው የሠራው ፊልምና ያን ማታ የታየው ፊልም አንድ አይደሉም፣ ሁለት ምስል ጎን ለጎን ሲቀመጥ አንዱም ለብቻው ያላለውን ነገር ይናገራልና። እኔ ብሆን ለልጆቹ ይሄን ነው የማስተምራቸው። ያዩትን እንዲያምኑ ወይም እንዲክዱ ሳይሆን፣ ማን እንደቀረጸው፣ ማን እንደቆራረጠው፣ በየትኛው ቀን ለማን እንደታየ እንዲጠይቁ።

የጠባሴ ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ የነገሩንን ማታውኑ ለክበቡ ልጆች አነበብኩላቸው። ክርክሩ ፊልሙ ሳይታይ ተጀምሯል!

የሕግ ተማሪ፦
በዚያው በማስረጃ ጉዳይ «ዘ ቲን ብሉ ላይን»ን ልጨምር። ኤሮል ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1988 የሠራው ነው። አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ራንዳል አዳምስ የሚባል ሰው ፖሊስ ገድለሃል ተብሎ ሞት ተፈርዶበት፣ በኋላ ወደ ዕድሜ ልክ ተቀይሮለት ታስሮ ነበር። ዳይሬክተሩ ምስክሮቹን አንድ በአንድ ካሜራ ፊት አስቀምጦ እንዲናገሩ ያደርጋቸዋል፣ ሲናገሩ ነገራቸው ራሱ ይፈርሳል። ሰውየው በዓመቱ ተፈታ። እንግሊዝኛው ከበድ ስለሚል የሚተረጉም ሰው ማይክ ይዞ ቢቀመጥና ፊልሙን እያቆማችሁ ብታሳዩት ጥሩ ነው።

የሸዋ ሮቢቱ፦
«ብላክ ጎልድ» ሳይነሳማ አይታለፍም። 2006 እ.ኤ.አ.፣ ስለ ቡናችን። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ታደሰ መስቀላ ለገበሬው የተሻለ ዋጋ ፍለጋ ከአገር አገር ሲዞሩ ያሳያል። መጋዘን ውስጥ በረድፍ ተቀምጠው ቡና በእጅ የሚለቅሙት ሴቶች ጋ ስትደርሱ አቁሙት። ጣቶቻቸውን እዩ፣ ፍሬዋን አንስቶ ጥሩዋን ከመጥፎዋ ለመለየት ዓይን እንኳ የማይበቃበት ፍጥነት ነው። ከዚያ የቀን ክፍያቸውን ስሙ፣ ቀጥሎ ውጭ አገር አንድ ስኒ ስንት እንደሚሸጥ። እኔ ንግድ ላይ ነኝ፣ ትርፍ አልጠላም፣ ያንን ግን አይቼ ብዙ ቀን አላስቻለኝም።

ለውጡን በተመለከተ መጋነን የለበትም። ፊልሙ በወጣበት ሰሞን መንግሥታችን ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከስታርባክስ ጋር እየተጨቃጨቀ ነበር፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ተስማሙ። ያን ፊልሙ ብቻውን አደረገው ማለት አይቻልም። ቡና ጠጪው ግን ጉዳዩን እንዲያውቀው አድርጓል፣ ይሄ የማይካድ ነው።

ከመሀል ሜዳ፦
ሁላችሁም የሌላ ሰው ፊልም ነው የምትጠቁሙት፣ ሁሉም ደግ ነው። ግን ጓሳ፣ ያ የመንዝ የሳር ደጋ፣ እዚሁ አጠገባችን ነው! ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ሳር ላይ አብረው ሲውሉ ለማየት ሰው ከዓለም ዳር ይመጣል። ቀበሮው በጭላዳው መንጋ መሃል ሆኖ አይጥ ሲያድን ይበልጥ ይሳካለታል፣ መንጋውም አይሸሸውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከእንስሳቱ ይልቅ ሰዉ ነው። አባቶቻችን ጓሳን በቀሮ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀውታል። የጥበቃው አለቃ ይመረጣል፣ ቦታው ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲከፈት ሁሉም ለቤት ክዳን የሚሆነውን ሳር በደንቡ ያጭዳል፣ ደንብ የጣሰ ይቀጣል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ፈረሰ፣ ቆይቶ ነው ኅብረተሰቡ በሌላ መልክ መልሶ ጥበቃውን ያቋቋመው። ቀሮን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል። ስልክ ካሜራ አለው። ሁለት ሦስት ልጆች መጥተው ቃላቸውን ቢቀርጹ፣ ገሳ፣ ያ የሳር የዝናብ ልብስ፣ ሲሠራ ቢያነሱ፣ መጀመሪያም እዚሁ መንዝ ለተቀረጸው ሰው ራሱ አምጥተው ቢያሳዩ፣ ያልተባለውንና የተሳሳተውን ያርምላቸዋል። ከተማ የሚታየው ከዚያ በኋላ ይሁን። ማደሪያ እኔ ጋ አለ፣ ጋቢ ግን ይዛችሁ ኑ፣ ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል።

የጠባሴ ልጅ፦
ለጓሳው አሁኑኑ ሦስት ልጆች እጃቸውን አውጥተዋል። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ግን በሲስተር ፊልም እንጀምር ብለናል። ሲስተር፣ አንድ የተከራከርንበት ነገር አለ፦ ሴቶቹን ብቻ እንጥራ ወይስ ወንዶቹም ይምጡ? አንዳንዶቹ ያፍራሉ ይላሉ።

ሲስተር ከመንዝ፦
ወንዶቹንማ አስቀድመሽ ጥሪ። ምጥ ሲጠናባት «ትንሽ እንይ፣ ይነጋ» የሚለው ባል ነው፣ ወይ አማት ናት። ቃሬዛ የሚሸከመውም፣ መኪና የሚለምነውም ወንድ ነው። ያፍራሉ ላልሽው፣ ሲጀመር ያፍራሉ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይረሱታል። ጥያቄ በወረቀት ጽፈው ስም ሳይጽፉ እንዲሰጡኝ አድርጊ፣ እኔ ጮክ ብዬ አንብቤ እመልሳለሁ። ስምንት ሰዓት ከሆነ እደርሳለሁ፣ በጠዋቱ መኪና ነው የምነሳው።