ሳፋሪ ራሊን ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት ያዋጣል?

ባሕርዳር ጋራዥ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። ራሊ የሚባለው የመኪና ውድድር ነፍሴ ነው፣ እስካሁን ግን ያየሁት በስልክ ብቻ ነው፣ እሱም ኔትወርክ ሲፈቅድ። አሁን ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው። ኬንያ፣ ናይቫሻ ድረስ ሄጄ ሳፋሪ ራሊን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ ግን «ያን ሁሉ ብር አውጥተህ መኪናዋ ሽው ብላ ታልፋለች፣ አንተ አቧራህን ጠጥተህ ትመለሳለህ» እያሉ ልቤን ከፈሉት። ሄዶ ያየ ካለ እውነቱን ይንገረኝ። የት ይቆማል? ምን ይያዛል? ደግሞ መካኒኮቹ ሲሠሩ ተጠግቶ ማየት ይቻላል ወይ? እኔን ከሁሉም በላይ የሚያጓጓኝ እሱ ነው።

ማርቆሴ፦
ወንድምዓለም፣ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፣ ናይሮቢ ነው የምኖረው። ናይቫሻ ሄጄ አይቻለሁ። ጓደኞችህ አልዋሹም። መኪናዋን የምታያት ለጥቂት ሰከንድ ነው። ማን እየመራ እንደሆነም እዚያ ቆመህ አታውቅም፤ የምትፈልገው ውጤት ብቻ ከሆነ ቤትህ ተቀመጥ፣ ስልክህ ይሻልሃል። ግን ስልኩ የማያሳይህ ነገር አለ፣ እሱም ከመምጣቷ በፊት ያለው ነው።

መኪኖቹ አንድ ላይ አይነሱም። የፊተኛው አቧራ የኋለኛውን እንዳያሳውረው በደቂቃዎች ልዩነት ነው የሚለቀቁት። እና ትጠብቃለህ። መጀመሪያ ሄሊኮፕተር ትሰማለህ። ከዚያ ከቁጥቋጦው ጀርባ አቧራ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ድምፁ ይከተላል፤ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ባነሳ ቁጥር ጭስ ማውጫው ጧ! ጧ! ይላል፣ ደረትህ ላይ ነው የሚሰማህ። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን አይተህ ከሆነ፣ ፈረሶቹ ሊደርሱ ሲሉ ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን የሚያሰግግባትን ቅጽበት ታውቃታለህ፣ እሷ ናት። ከዚያ መኪናዋ ትደርሳለች፣ ጠጠሩ ሱሪህን ይመታል፣ አለፈች፤ ለትንሽ ጊዜ አጠገብህ ያለው ሰው ራሱ አይታይህም። አፈሩን ፌሽ ፌሽ ይሉታል፣ በጣም ደቃቅ ነው፣ እግርህ እስከ ቁርጭምጭሚት ይሰምጥበታል። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ወዲያው ጭቃ ነው። ለዚህ ነው መኪኖቹ አየር የሚስቡበትን ቱቦ ወደ ላይ፣ ወደ ጣሪያው አካባቢ የሚያወጡት።

የት ይቆማል ላልከው፣ ከመታጠፊያ ውጭ በኩል በፍጹም አትቁም። መኪና መንገድ ሲስት የሚሄደው ወደዚያ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ፈልግ፣ ቁልቁል እንድታይ። ሔልስ ጌት በሚባለው ፓርክ ገደሎቹ ሥር የሚደረገው የእሑዱ የመጨረሻ ዙር ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፣ ተጨማሪ ነጥብ ስላለው ማንም ቆጥቦ አይነዳም። ግን ሁሉንም ልይ ብለህ አትሩጥ። በቀን አንድ ቦታ ምረጥና በማለዳ ድረስ፣ መንገዱ ቀድሞ ነው የሚዘጋው።

መካኒኮቹን ታያለህ፣ አዎ! መኪኖቹ በሚጠገኑበት ቦታ፣ ሰርቪስ ፓርኩ ላይ፣ ከመከለያው ማዶ ሆነህ። ማታ ማታ 45 ደቂቃ ይሰጣቸዋል። ካዘገዩ በየደቂቃው 10 ሰከንድ ቅጣት ሾፌሩ ላይ ይደመራል። የሥሩን መከላከያ ሲፈቱት የሚወርደውን አፈር ብታይ! ቁልፍ አቀብለኝ የሚል የለም፣ የሚጮህ የለም፣ ሁሉም እጁ የት እንደሚሄድ ያውቃል። ያ ሁሉ ጉልበት የሚወጣው ደግሞ ከ1.6 ሊትር ሞተር ነው፣ ቱርቦ አለው። እንደ ፈረንጆቹ ከ2021 እስከ 2025 በየዓመቱ ያሸነፈችው ቶዮታ ናት፣ ያሪስ፣ አንተ ጋራዥ በየቀኑ የምትገባው የቪትዝ ዘመድ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ጋራዥ ነኝ ስላልክ። ይህ ውድድር እንደ ፈረንጆቹ ከ1953 ጀምሮ ያለ ነው፣ ድሮ ለሌላው መኪና ባልተዘጋ የሕዝብ መንገድ ነበር የሚሮጠው። በ1965 ያሸነፈው ጆጊንደር ሲንግ ኬንያዊ ነው፣ በአባቱ ጋራዥ መካኒክ ሆኖ የሠራ ሰው። ያሸነፈውም በአዲስ መኪና አይደለም፣ ያገለገለች ቮልቮ ነበረች፣ ወንድሙን አጠገቡ አስቀምጦ። በኋላም ሁለቴ ደግሟል።

የዳንግላ ልጅ፦
እኔ ፈረንሳይ ነው ያለሁት፣ ያየሁት የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ነው። ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ተነስተው እሑድ 10 ሰዓት ነው የሚጨርሱት። አንዱ ዙር 13 ኪሎ ሜትር ተኩል ያልፋል፣ ፈጣኖቹ ግን በሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ስለዚህ «አለፈችኝ» የሚባል ነገር የለም። የሄድኩት በ2023፣ መቶኛ ዓመቱ ሲከበር ነው። ፌራሪ ከ50 ዓመት በኋላ ወደ ዋናው ምድብ ተመልሶ ያሸነፈበት ነው፣ ሰዉ ያለቅስ ነበር። እኔ ግን የማልረሳው ሌሊቱን ነው። አርናዥ የሚባለው መታጠፊያ ጋ ቆሜ፣ ፍሬን ሲይዙ ዲስኩ በጎማው መሃል ቀይ ሆኖ ሲግል ይታየኝ ነበር። ቀን ላይ ይህን አታይም። ወንድሜ፣ የጆሮ መድፈኛ ይዘህ ሂድ፣ ቀልድ አይደለም። የስልክ ባትሪም ያዝ።

ደጀን ሹፌር፦
እኔ አልሄድኩም፣ አልዋሽም። ግን ዕድሜዬን አባይ በረሃን ስወርድና ስወጣ የኖርኩ ሹፌር ነኝና አንድ ነገር እዩልኝ። የራሊ ሾፌሩን አጠገቡ የተቀመጠው ረዳት ከወረቀት እያነበበ መንገዱን ይነግረዋል አይደል? ሾፌሩ መታጠፊያው ሳይታየው በፊት መሪውን ያዞራል ወይስ ካየው በኋላ? በቴሌቪዥን ይህን መለየት አልቻልኩም።

ማርቆሴ፦
ጋሼ፣ በፊት ነው! ከላይ ሆነው ሲያዩት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ገና ኮረብታው ሳይገለጥለት መኪናዋ ጎኗን አዙራለች። የረዳቱን ድምፅ ነው የሚያምነው።

ባሕርዳር ጋራዥ፦
እግዜር ይስጣችሁ፣ ቆረጥኩ፣ እሄዳለሁ። ወሩ መቼ ነው? ብርዱስ?

ማርቆሴ፦
ይቀያየራል። እንደ ፈረንጆቹ ከ2021 እስከ 2023 ሰኔ ላይ ነበር፣ 2024 እና 2025 መጋቢት ላይ ሆነ፣ መጋቢት ደግሞ እዚህ ዝናብ የሚጀምርበት ነው፣ ቦቲ ጫማ ያዝ። ብርዱ አይከብድህም፣ ናይቫሻ ከባሕር ዳር ብዙም ከፍ አትልም፣ ሐይቅም ጉማሬም አላት። ለማለዳው ግን ጋቢህን አትርሳ። ቀኑ በይፋ ሳይወጣ የአውሮፕላን ትኬት አትቁረጥ። ከናይሮቢ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በመኪናዬ እንሄዳለን። ሆቴሉ በዚያ ሰሞን ቶሎ ነው የሚያልቀው፣ እኔ ለሁለት የሚበቃ ድንኳን አለኝ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።