ማንጋኒዝ ላይ የተቋረጠብኝ ማብራሪያ፦ እርዳታ እሻለሁ

የተከበራችሁ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ባለሙያዎች፣

በምሥራቅ ጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ የ12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ስለ ሽግግር ብረታ ብረቶች ሳስተምር፣ ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች በበዙ ቁጥር አተሞቹን የሚያስተሳስረው ጉልበት ይጨምራል እያልሁ ኖሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ተማሪዬ የማንጋኒዝን ነገር ጠየቀችኝና መልስ አጣሁላት፤ ጥያቄዋም ትክክል ነው።

ጠጣሩን ብረት ወደ ተናጠል አተሞች ለመበተን ቫናዲየም በሞል 515 ኪሎ ጁል ገደማ ሲፈልግ፣ በ3ዲ (3d) ንዑስ ሽፋኑ አምስት ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች ያሉት ማንጋኒዝ 281 ገደማ ብቻ ይበቃዋል። በዚያው ምድብ ከታች ያለው ሬኒየም ግን 770 አካባቢ ይደርሳል።

እስካሁን የገባኝ፣ በግማሽ የተሞላው 3ዲ ነጠላውን አተም እጅግ ስለሚያረጋጋው መበተኑ እንደሚቀል፣ የሬኒየም 5ዲ ኦርቢታሎች (ኤሌክትሮኖች የሚገኙባቸው ክልሎች) ደግሞ ሰፋ ብለው ስለሚዘረጉ ይበልጥ እንደሚደራረቡ ነው። የምቸገረው እዚህ ላይ ነው፦ ምክንያቱ የነጠላው አተም መረጋጋት ብቻ ከሆነ፣ ተናጠል አተም የማይፈጠርበት የመቅለጫ ሙቀት ለምን አብሮ ያሽቆለቁላል? ቫናዲየም በ1910 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀልጥ ማንጋኒዝ በ1246 ይቀልጣልና። በአንድ የክሪስታል አሃዱ 58 አተሞች የያዘው እንግዳ አደረጃጀቱስ ከዚህ ጋር ይያያዝ ይሆን?

ሁለቱን ምክንያቶች፣ የነጠላውን አተም መረጋጋትና የጠጣሩን ብረት ትስስር፣ ለይታችሁ፣ ለ12ኛ ክፍል በሚመጥን መንገድ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ልጅቷ መልሱን እየጠበቀች ነው።