የፊት ስትራት ባር፦ ለመንገድ መኪና ይጠቅማል ወይስ ጌጥ ነው?

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና አለኝ። የሚነዳት የኋላ ጎማ ነው፣ የፊት ሰስፔንሽኗ (ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው ክፍል) ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ነው። ኩርባ ላይ ጠንከር አድርጌ ስገባ ፊቷ ትንሽ የሚዘገይብኝ ይመስለኛል። "ስትራት ባር ግጠምላት" የሚለኝ ሰው በዛ። ለማያውቅ፣ ኮፋኖ ሲከፈት የግራና የቀኝ አሞርዛተር መቀመጫዎችን ከላይ የሚያያይዘው አግዳሚ ብረት ነው። ግማሹ ሰው "መኪናዋ ሌላ ትሆናለች" ይላል፣ ግማሹ "ጌጥ ነው" ይላል። ጭራሽ ለእግረኛ አደገኛ ስለሆነ ከመንገድ መኪና ላይ መከልከል አለበት የሚሉም ገጥመውኛል። እስቲ ተከራከሩልኝ። ልግጠም ወይስ ልተው?

ባለ ትራኩ፦ ግጠም ወንድሜ፣ አታመንታ። እኔ ከገጠምኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። መሪውን ሳዞር ፊቷ ወዲያው ይታዘዘኛል። ደግሞ የእኔን ስሜት ተወውና ፋብሪካዎቹን እይ። ቢኤምደብሊው ኢ46 ኤም3 ላይ ከፋብሪካው ገጥሞታል። ኒሳን 350ዜድ ላይ ከፊትም ከኋላም አለ። ስፖርት መኪና የሚሠራ ፋብሪካ ለእያንዳንዱ ኪሎ ይጨነቃል። ያለ ምክንያት ብረት አይጨምርም።

ተጠራጣሪው፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባሩን በገጠምክ ቀን ሌላ ያስነካኸው ነገር ነበር?

ባለ ትራኩ፦ እውነቱን ለመናገር አላይመንትም (የጎማ አቀማመጥ ማስተካከያ) በዚያው ቀን ነው ያስደረግኩት።

ተጠራጣሪው፦ በቃ፣ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። የትኛው እንደሠራልህ በምን ታውቃለህ? አላይመንት ብቻውን የመሪን ጠባይ ይለውጣል። እስቲ ቁጥሩን እንየው። የአሞርዛተሩ ራስ ከታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ጫፍ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል እንበል። መቀመጫው 1 ሚሊ ሜትር ቢንቀሳቀስ የጎማው ዘንበል ማለት የሚለወጠው 0.1 ዲግሪ ገደማ ነው። የብራቾው ጎሚኒና የጎማው ጎን ኩርባ ላይ ከዚያ በላይ ይለጠጣሉ። አሁን የሚሠሩ መኪኖች አካላቸው ከድሮዎቹ በጣም የጠነከረ ነው፤ መቀመጫቸው 1 ሚሊ ሜትር መንቀሳቀሱንም እጠራጠራለሁ። ፋብሪካ የገጠመው ደግሞ አካሉን ከመጀመሪያው ከባሩ ጋር አስቦ ስለሠራው ነው። ከገበያ የተገዛ ባር ከዚያ ጋር አይወዳደርም።

መሐንዲሷ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። ኩርባ ላይ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ባሩን መምረጥ ያለበት ሰው ይህን ሳያውቅ ገንዘቡን ያባክናል።

ማክፈርሰን ላይ የላይኛው ብራቾ የለም። የጎማውን ራስ የሚይዘው አሞርዛተሩ ራሱ ነው። ስለዚህ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ አስፋልቱ ጎማውን ከሥር ወደ ቀኝ ይገፋዋል፣ የአሞርዛተሩ ራስ ደግሞ መቀመጫውን ወደ ግራ ይገፋል። ይህ በሁለቱም ጎን ይሆናል። ሁለቱም መቀመጫዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚገፉት። ጭነት የበዛበት የውጭው ጎማ አብዝቶ ይገፋል፣ የውስጡ በትንሹ።

አሁን ሁለት ቦታ ብቻ የሚያዝ ቀጥ ያለ ባር አስገቡ። ባሩ የሚጠብቀው በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ነው። ሁለቱም ተያይዘው ወደ ግራ ሲሄዱ አያቆማቸውም። ለምሳሌ ውጭው 3፣ ውስጡ 1 የሚገፋ ከሆነ፣ ባሩ አካፍሎ 2 ለ2 ያደርጋቸዋል። የውጭው በአንድ ሦስተኛ ቀነሰለት፣ የውስጡ ግን ጨመረበት። የሚያስፈልገን ውጭው ስለሆነ ጥቅም አለው። ተአምር ግን አይደለም።

ባሩ ሦስተኛ እግር ኖሮት ከሞተሩ ጀርባ ካለው ግድግዳ ጋር ሲታሰር ነገሩ ይለወጣል። ሦስት ማዕዘን ይሆናል፣ ሦስት ማዕዘን ደግሞ አይወላገድም። ለኩርባ ብለህ የምትገዛ ከሆነ ሦስት ቦታ የሚያዘውን ፈልግ። ግድግዳው ላይ የሚታሰርበት ቦታ ስስ ቆርቆሮ ከሆነ ግን ያው ነው።

ባለ ትራኩ፦ እህቴ፣ 350ዜድ እኮ ፊቱ ማክፈርሰን አይደለም። ታዲያ ለምን ገጠሙለት?

መሐንዲሷ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ባለ ሁለት ብራቾ መኪና ላይ የጎን ግፊቱን የሚሸከሙት ብራቾዎቹ ናቸው፣ ሞላው የሚያርፍበት መቀመጫ ላይ የሚመጣው በአብዛኛው ከታች ወደ ላይ የሚገፋ ነው። በጥቅሉ ጥቅሙ ይቀንሳል። ነገር ግን የላይኛው ብራቾ ራሱ መቀመጫው ላይ ከታሰረ ግፊቱ እዚያው ይመጣል። የድሮው ፎርድ ሙስታንግ እንደዚያ ነው። ሞላውም የላይኛው ብራቾ ላይ ነው የሚቀመጠው። መቀመጫዎቹ በጊዜ ብዛት ወደ ሞተሩ እየተጠጉ መምጣታቸው የታወቀ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. ከሙስታንግ ተሻሽሎ የወጣው ሼልቢ ጂቲ350 ሁለት ነገር ነበረው። አንዱ መቀመጫዎቹን ከግድግዳው ጋር የሚያስረው፣ ወደ ውጭ ለሚላኩ መኪኖች የተሠራው ብረት ነው። ሁለተኛው ሞንቴ ካርሎ ባር የሚባለው አግዳሚ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው ሥራውን የሚሠሩት። ስለዚህ "ማክፈርሰን ነው ወይስ አይደለም" ብሎ ማቆም አይበቃም፤ መቀመጫው ላይ ምን እንደታሰረ ማየት ነው።

ተጠራጣሪው፦ ይህን እቀበላለሁ። ግን ገበያ ላይ የሚሸጠው አብዛኛው ሞተሩን ለመሻገር የተቆለመመ፣ ጫፉ ላይ መታጠፊያ ያለው የአሉሚኒየም ቱቦ ነው።

መሐንዲሷ፦ እሱ ላይ እስማማለሁ። የተቆለመመ ባር ሲገፋ እንደ ቀስት ይታጠፋል። ከቻልክ ቀጥ ያለውን ውሰድ። አሉሚኒየም በተመሳሳይ ውፍረት ከብረት አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው የሚጠነክረው፣ ስለዚህ ወፍራም ካልሆነ አይሆንም። ቀለሙንና ጽሑፉን ተወው። ዋናው ደካማ ቦታ ባሩ ከጫፉ ሳህን ጋር የሚገናኝበት ነው። ሳህኑ ስስ ከሆነ መሃሉ ቢጠነክርም አይጠቅምም።

እግረኛዋ፦ እናንተ ስለ 0.1 ዲግሪ ስትከራከሩ እኔ ስለ ሰው ጭንቅላት ላንሳ። እግረኛ ሲገጭ ጭንቅላቱ ኮፋኖው ላይ ያርፋል። የኮፋኖው ቆርቆሮ ወደ ታች ሲጎደጉድ ነው ምቱ የሚለዝበው። ለዚያ ከሥሩ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ዩሮ ኤንካፕ የሚባለው የአውሮፓ የመኪና ደህንነት ፈታኝ ድርጅት ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእግረኛ ጥበቃን ይፈትናል። አንዳንድ ስፖርት መኪኖች እግረኛ ሲገጩ የኮፋኖው ጀርባ በራሱ ብድግ የሚልበት ሥርዓት የተደረገላቸው ያንን ባዶ ቦታ ለማግኘት ነው። እናንተ እዚያው ቦታ ላይ ከኮፋኖው ጣት የማያስገባ ብረት ትሰቅላላችሁ። ለውድድር ትራክ ግጠሙ፣ ማንም አይቃወማችሁም። ልጅ በሚሻገርበት መንገድ ላይ ግን ምን አስፈለገ?

ባለ ትራኩ፦ ሞተሩ ራሱስ እዚያው አይደለም?

እግረኛዋ፦ ሞተሩን ፋብሪካው ዝቅ አድርጎ፣ ለክቶ ነው ያስቀመጠው። የገጠምከውን ባር ግን ማን ፈተነው? ቢያንስ ሻጩ ከኮፋኖ ጋር ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚተርፍ ይጻፍ። ኢንሹራንስህም ይወቀው።

ባለ ትራኩ፦ ይህን አስቤው አላውቅም። መከልከሉን ግን አልስማማበትም። ከፋብሪካው ባር ያላቸው መኪኖች እኮ በሕጋዊ መንገድ ይሸጣሉ። ርቀቱ ይለካ የሚለውን እቀበላለሁ።

መካኒኩ፦ ልጆች፣ እኔ ስንቱን ገጥሜያለሁ። ለሕጉ ሌላ ሰው ይፍረድ። ግጠሙ ካላችሁ ግን በአግባቡ ይገጠም።

መኪናዋ ደልዳላ መሬት ላይ በአራት ጎማዋ ትቁም። ክሪክ ላይ ሰቅላችሁ አትፍቱ። አሞርዛተሩን ከላይ የያዙት ትንንሾቹ ዳዶዎች ናቸው፣ ብዙውን ጊዜ በየጎኑ ሦስት። ጎማው መሬት ላይ ከሆነ የመኪናዋ ክብደት አሞርዛተሩን ከቦታው ያቆየዋል። ከተሰቀለች ግን ሊወርድባችሁ ይችላል። የመሃሉን ትልቁን ዳዶ በፍጹም አትንኩ። እሱ የተጨመቀውን ሞላ የያዘ ነው፣ ሰው ይገድላል።

የቡሎኑ ቀዳዳ ረዘም ያለ ከሆነ መቀመጫው ሊንሸራተት ስለሚችል አስቀድማችሁ በቀለም ምልክት አድርጉ፤ አንዱን ጎን ሳትጨርሱ ሌላውን አትፍቱ። ዝገቱንና ጭቃውን ጥረጉ፣ ሳህኑ ተለጥፎ መቀመጥ አለበት። የሳህኑ ውፍረት ከቡሎኑ ጥርስ ርዝመት ይወስዳል። ዳዶው ከጠበቀ በኋላ አንድ ሁለት ጥርስ ከላይ ካልታየ አትቀበሉት። ውስጡ ናይሎን ያለበት ዳዶ ከሆነ አዲስ ይሁን። ማጥበቁ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያ ኃይሉን በሚለካው)፣ ለመኪናዋ በተጻፈው ልክ። ቡሎኖቹ ቀጫጭን ናቸው፣ በጉልበት የበጠሷቸውን ብዙ አይቻለሁ።

የሚስተካከል ባር ከሆነ መንገጫገጩ እስኪጠፋ በእጅ አዙሩና ቆልፉት። መቀመጫዎቹን ለመግፋት በቁልፍ አትወጥሩት። ከዚያ የልጆች መጫወቻ ጭቃ ባሩ ላይ ለጥፉና ኮፋኖውን ቀስ ብላችሁ ዝጉ። ሲከፈት ጭቃው የቀረው ውፍረት ርቀታችሁ ነው። ያቺ እህት የጠየቀችውም እሱን ነው። ሞተሩም ጋዝ ሲሰጠው ይናወጣል፣ ባሩን እንዳይነካ እዩ። ጥቂት ቀን ነድታችሁ ደግሞ ዳዶዎቹን ፈትሹ።

ተጠራጣሪው፦ ጋሼ፣ አንድ ጎን የተመታች መኪና ላይ ባሩ ሌላውንም ጎን ይጎትታል የሚባለውስ?

መካኒኩ፦ አጋጥሞኛል። ባሩ ጠንካራ ከሆነ ምቱን ያሻግራል። ጥገናው ሁለት ጎን ይሆናል።

ጠያቂው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ያሉትን ይዤ ዛሬ ኮፋኖውን ከፈትኩ። ባሩን ገና አልገዛሁም። ጓደኛዬ መሪውን ወዲያና ወዲህ ሲያዞር እኔ የአሞርዛተሩን ራስ አየሁ። በግራ በኩል ያለው የላይኛው ጎሚኒ ዙሪያውን ተሰንጥቋል፣ ራሱ በዓይን ይንቀሳቀሳል። የቀኙ ደህና ነው።

ተጠራጣሪው፦ እንግዲህ የመዘግየትህ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ቀይርና አላይመንት አስደርግ። ከዚያ ጥቂት ሳምንት ንዳት። ባሩን ያኔ ብትገጥመው ልዩነቱን ታውቀዋለህ።

ባለ ትራኩ፦ እስማማለሁ። ስትገጥመው ግን ሦስት ቦታ የሚያዘውን።

ጠያቂው፦ ጎሚኒውን ራሴ ልቀይረው እችላለሁ ጋሼ?

መካኒኩ፦ እሱን ለመቀየር የመሃሉን ዳዶ መፍታት ግድ ነው፣ አትንኩ ያልኳችሁን። የሞላ መጭመቂያ ከሌለህ አሞርዛተሩን ከነሞላው አውርደህ መጭመቂያው ላለው ሰው ውሰደው።