በእንጆሪ መደብ ውስጥ የሚበቅለውን ሰርዶ እንዴት ማጥፋት ይቻላል?

ጥያቄ፦ በጓሮዬ የእንጆሪ መደብ ሰርዶና ሌሎች ሣሮች ከተክሉ ሥር ጋር ስለተጠላለፉ፣ ሣሩን ስነቅል እንጆሪውም አብሮ ይነቀላል። ተክሉን ሳልጎዳ ሣሩን የማጠፋበት መንገድ ይኖር ይሆን?

መልስ 1፦ የእንጆሪ ሥር በአብዛኛው በላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ስለሚገኝ፣ በጥልቀት መኮትኮት ይጎዳዋል። በዘር የሚራባውን ሣር ዘር ሳያፈራ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ በእጅ ይንቀሉት። ሰርዶ ግን ከመሬት በታች ከሚቀር ትንሽ ቁራጭ እንኳ እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ፣ ቁርጥራጩን አንድ በአንድ መልቀምና በየጊዜው መመላለስ የግድ ነው።

መልስ 2፦ እንደ ሴቶክሲዲምና ክሌቶዲም ያሉ ፀረ አረሞች ሣርን እየገደሉ እንደ እንጆሪ ያለውን ሰፊ ቅጠል ያለው ተክል ይተዉታል፤ በእንግጫ ላይ ግን አይሠሩም። ለእንጆሪ የተፈቀደ መሆኑንና ከርጭት እስከ ለቀማ መቆየት ያለበትን ጊዜ ከመለያ ጽሑፉ ላይ ሳያነቡ በፍጹም አይርጩ። ግላይፎሴት የተባለው ፀረ አረም ግን እንጆሪውንም ስለሚገድል ከመደቡ ይራቅ።

መልስ 3፦ እኔ እንደማምነው፣ ሰርዶ መደቡን ከወረሰው የሚሻለው ከጤናማ ተክል የወጡ ችግኞችን፣ ሥራቸው ከሣር ቁራጭ መጽዳቱን አረጋግጦ፣ በንጹሕ መሬት ላይ መትከልና በመካከላቸው ጭድ ማልበስ ነው።