ኦሲቲ ላይ «ያልተሸፈነ» የስቴንት ስትራት፦ ንባቡ ምን ያህል ይታመናል?

ካትላብ_ተረኛ
ሰላም ለሁላችሁ። መድኃኒት የሚለቅ ስቴንት (የልብ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ የብረት መረብ) ከገባለት 6 ወር የሆነው፣ ደም የመፍሰስ ችግር ያለበት ታካሚ ኦሲቲ (ከደም ሥሩ ውስጥ በብርሃን የሚነሣ ምስል) ተነሥቶ 9 በመቶ ስትራት (የመረቡ የብረት ዘንግ) ያልተሸፈነ፣ ማለትም ሕብረ ሕዋስ ያልለበሰ፣ ተብሎ ቢነበብ፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ክሎፒዶግሬል ለማቆም ወይም ለመቀጠል መነሻ ይሆናል? አይቫስ (በድምፅ ሞገድ የሚነሣው ምስል) ብቻ ያለው ካት ላብስ (የልብ ካቴተር ክፍል) ምን ያድርግ?

ማይክሮን
ለሽፋን አይቫስን እርሱት። የተለመደው 40 ሜጋኸርዝ ካቴተር የሚለየው በ100 ማይክሮንና ከዚያ በላይ ነው። በ6 ወር ስትራቱ ላይ ያለው ሽፋን ብዙ ጊዜ ከዚያ ይሳሳል። ኦሲቲ ከ10 እስከ 20 ማይክሮን ይለያል። ግን ብርሃኑ ከ1–2 ሚሊ ሜትር በላይ ጠልቆ አይገባም፤ ግድግዳው ወደ ውጭ መለጠጡን ለማየት አይቫስ ይሻላል።

አንድ ረድፍ የኢንዶቴልየም (የደም ሥር ውስጠኛ ልባስ) ሴል ኦሲቲም አያየውም። «ያልተሸፈነ» የተባለው ሴል ለብሶ ሊሆን ይችላል፤ «የተሸፈነ» የተባለው ደግሞ ፋይብሪን (ደም ሲረጋ የሚሠራ ክር) ብቻ።

ፑልባክ
ቁጥሩን ከማመን በፊት ምስሉ በትክክል መነሣቱን እዩ። ካቴተሩን ባልቀጠነ ኮንትራስት (ለምስል የሚረጨው ፈሳሽ) በ3 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ እጠቡት፤ ውስጡ የቀረ የአየር አረፋ ምስሉን ያደበዝዛል። ናይትሮግሊሰሪን 100–200 ማይክሮግራም ኮሮናሪው ውስጥ ስጡ። ደሙን ለማጥራት ኮንትራስት ለግራ ኮሮናሪ በሰከንድ 4 ሚሊ ሊትር፣ በድምሩ 14 ገደማ፤ ለቀኝ በሰከንድ 3፣ በድምሩ 12 ገደማ። መጀመሪያ በትንሽ ኮንትራስት ሞክሩ። ደሙ ካልጠራ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የጋይድ ካቴተሩ (ኮንትራስቱ የሚገባበት ዋና ቱቦ) አቀማመጥ ነውና ግፊት ከመጨመር እሱን አስተካክሉ። የቀረ ደም ስትራት ላይ ሲያርፍ ሽፋን ወይም የረጋ ደም ይመስላል።

ለሽፋን ንባብ የ54 ሚሊ ሜትር ፑልባክ (ምስል እያነሡ ወደ ኋላ መጎተት) ይመረጣል፦ በአንድ ሚሊ ሜትር 10 ፍሬም ይሰጣል፤ የ75ቱ 5 ብቻ።

ልኬት ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ብረት ብርሃኑን ስለሚመልሰው የሚታየው የፊት ገጹ ብቻ ነው፤ ከኋላው ጥላ ነው። ከድምቀቱ መሃል እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት ለኩና ከስትራቱና ከፖሊመሩ (መድኃኒቱን የያዘው ልባስ) ውፍረት ጋር አነጻጽሩ። 81 ማይክሮን ብረት ያለው ስቴንት ከፖሊመሩ ጋር 90 ገደማ ስለሚሆን 120 ማይክሮን ርቀት ከግድግዳ መራቁን ያሳያል። 140 ማይክሮን ብረት በነበረው የመጀመሪያው ትውልድ የሲሮሊመስ ስቴንት ግን ያው 120 ግድግዳውን ነክቷል ማለት ነው። ካቴተሩ ወደ አንድ ወገን ሲጠጋ ስትራቶቹ ሁሉ ወደ እሱ የዞሩ ይመስላሉ፤ እንዲህ ባለ ፍሬም ላይ ርቀት አትለኩ። የጎን ቅርንጫፍ አፍ ላይ ያሉትንም ለብቻ ቁጠሩ።

ማይክሮን
ጥሩ ተብራርቷል። የ9 በመቶው ችግር አማካይ መሆኑ ነው፦ በስቴንቱ ሁሉ የተበታተነ 9 እና አንድ ቦታ የተከማቸ 9 አንድ አይደሉም። በ2007 የወጣው የአስከሬን ምርመራ ጥናት ከዘገየ የስቴንት መርጋት ጋር ያያዘው፣ በአንድ ቁራጭ ውስጥ ከ30 በመቶ በላይ ስትራት ሳይሸፈን መቅረቱን ነው። ያ በማይክሮስኮፕ፣ በመጀመሪያው ትውልድ ስቴንት ላይ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ኦሲቲ አታምጡት። የሚጠቅመው አነባበቡ ነው፤ ተከታታይ ፍሬሞችን እዩ።

ክሎፒዶግሬልን በተመለከተ፣ ደም የሚፈሰው ሰው ላይ የመፍሰሱ አደጋ ይቀድማል። ኦሲቲ ብቻውን አይወስንም፤ ለሽፋን ቆጠራ ብቻ ሰውን ካት ላብ መመለስም አልደግፍም።

ካትላብ_ተረኛ
አመሰግናለሁ። ምልክት በሌለው ሰው ከግድግዳ የራቀ ስትራት ቢገኝ በባሉን ይጫን?

ፑልባክ
መጀመሪያ ስቴንቱ በገባ ዕለት የተነሣውን ምስል አምጡ። ያኔም ከነበረ የቆየ ነው። ያኔ ካልነበረ ወይ ግድግዳው ተለጥጧል፣ ወይ ከኋላው የነበረ የረጋ ደም ሟሟ። የመጀመሪያው ምስል ከሌለ መለየት አይቻልም። ስትራቱ ተሸፍኖ ደም በነጻ ካለፈ አትንኩት።