ክርክር፦ ተማሪን ማከም የትምህርት ቤት ሥራ ነው?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው። ትምህርት ቤቶች ነርስ ቀጥረው ተማሪዎችን ይመርምሩ፣ ቀላሉን ሕመም እዚያው ያክሙ? ወይስ ወላጅ ጠርተው የታመመውን ልጅ ቢሸኙ ይበቃል?

መምህር፦ መሸኘቱ ይበቃል። መምህሩ ላይ ያልተጫነ ሥራ የለም። ልጁ መድኃኒት ወስዶ አንድ ነገር ቢሆንስ ማን ሊጠየቅ ነው?

ነርስ፦ መምህር፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ግን የተሸኘው ልጅ ሁሉ ሐኪም ያያል ማለት አይደለም። ኒውዮርክ ውስጥ ይህ በደንብ ታይቷል። ቅማል፣ እከክ ወይም የዓይን ሕመም የተገኘበት ልጅ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ቤት ደግሞ የሚያክመው የለም፤ ትምህርቱ ብቻ ያመልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1902 ሊና ሮጀርስ የተባለች ነርስ ለሙከራ 4 ትምህርት ቤቶች ተሰጧት። ቀላሉን እዚያው አከመች። ቤት ድረስ እየሄደች ለወላጆች አስረዳች። ከትምህርት የሚቀረው ልጅ በጣም ቀነሰ፤ ከተማዋም ተጨማሪ ነርሶችን ቀጠረች።

ወላጅ፦ እኔ ነርስ መኖሯን አልቃወምም። ሳላውቅ ግን ልጄ ክትባትም ሆነ ኪኒን እንዲሰጠው አልፈልግም። ቀድሞ ይነገረኝ።

ነርስ፦ ልክ ነዎት፤ መብትዎ ነው። ድንገተኛው ግን ስልክ እስኪነሳ አይጠብቅም። አስም የተነሳበት ልጅ ፓፉን ወዲያው ማግኘት አለበት። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ከ5 ደቂቃ በላይ ካንቀጠቀጠው ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ፈቃዱ ገና በምዝገባ ቀን በጽሑፍ ይሰጥ።

ተማሪ፦ ዓይናችንንስ ማን ያያል? ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ሰነፍ እየተባለ ይቀመጣል። ራሱም ሌላው ሰው እንዴት እንደሚያይ ስለማያውቅ አይናገርም።

መምህር፦ ይሄስ እውነት ነው። የዓይን መመርመሪያ ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ማንበብ ይችል እንደሆነ ማየት ለእኛም አይከብድም። ግን ለየትምህርት ቤቱ ነርስ ከየት ይመጣል?

ነርስ፦ አንዷ ለጥቂት ትምህርት ቤቶች በተራ ትድረስ። የሆድ ትላትል በሚበዛበት አካባቢ የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 1 ወይም 2 ጊዜ መድኃኒት እንዲሰጥ ይመክራል። አንድ ኪኒን ነው፤ የሠለጠነ መምህርም ይሰጠዋል።

መምህር፦ እዚህ ላይ ግን አልስማማም። ሥልጠናው ብቻ አይበቃኝም። ችግር ቢፈጠር ተጠያቂው ማን እንደሆነ በደንብ ይጻፍልኝ። ያኔ ኪኒኑን እኔም እሰጣለሁ።