ክርክር፦ ብድርና ግብር በሕገ መንግሥት ይገደብ?

የቢቸናው፦
ሕገ መንግሥታችን ግብሩን ማን ይሰብስብ የሚለውን ከአንቀጽ 96 እስከ 98 አከፋፍሎታል። መበደርን አንቀጽ 51 ለፌዴራሉ ሰጥቷል። እስከ ስንት ድረስ? ዝም። የፖላንድ ሕገ መንግሥት የመንግሥት ዕዳ ከዓመታዊ ምርቱ ሦስት አምስተኛ እንዳያልፍ ይከለክላል። እኛስ ብንጽፈው ምን ይለናል?

የማርቆሱ ነጋዴ፦
ጋሼ፣ እኔን ያሳረረኝ ምጣኔው አይደለም፣ ግምቱ ነው። በ2009 ክረምት ለቀን ገቢ ግምት የመጡት ሰዎች ከደጄ ቆመው መደርደሪያዬን በዓይናቸው ለክተው ሄዱ። ሁዳዴ ላይ ስንት እንደምሸጥ፣ በሠርግ ወር ስንት እንደምሸጥ የጠየቀኝ የለም። አንቀጽ 100 እኮ ግብር በአግባቡ ተጠንቶ ይወሰን ይላል! ተጽፎ ሳለ ነው ይሄ የደረሰብኝ።

የሕግ ተማሪዋ፣ ባሕር ዳር፦
ዋናው ጥያቄ ማን ያስከብረዋል ነው። የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2023 እ.ኤ.አ. የመንግሥቱን 60 ቢሊዮን ዩሮ የብድር ፈቃድ ሰርዞበታል። እኛ ጋ ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ፖለቲከኛ በፖለቲከኛ ላይ ሲፈርድ አስቡት። ብራዚልም በ2016 እ.ኤ.አ. የወጪ ጣሪያ ለ20 ዓመት ብላ ሕገ መንግሥቷ ውስጥ አስገብታ በ2023 እ.ኤ.አ. በሌላ ተካችው።

የሞጣው፦
ወንድም ዓለም፣ ጎጃም ተቀምጦ ፖላንድ ምን ያደርጋል? በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ፓርላማ ያጸደቀው ሕጋዊ አዋጅ ነበር። ገበሬው መሬቴ ከተለካ ርስቴ ይሄዳል ብሎ እንቢ አለ። ጦር ዘመተበት፣ ከሰማይም ተደበደበ። በመጨረሻ ውዝፉ ተማረ፣ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴም ተነሡ። ጣሪያውን ያበጀው ነፍጥ ነው።

የቢቸናው፦
እንደዚያ ደም እንዳይፈስ ነዋ በወረቀት ይስፈር የምለው! ደግሞ ግብር ሰብሳቢ ደጅህ ይመጣል፣ ታየዋለህ፣ ትሟገተዋለህ። በ2007 መንግሥት የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ፣ ማለት ለውጭ አበዳሪ የሚሸጥ የዕዳ ሰነድ፣ ሲሸጥ ሞጣ ላይ ማን ሰማ? በ2016 ታኅሣሥ የ33 ሚሊዮን ዶላሩን ወለድ ሳይከፍል ሲቀር ነው ወሬው የደረሰን። የማይታይ ነገር ላይ ማን ያምጻል?

የሞጣው፦
በብድሩ ረታኸኝ፣ ይገደብ። ለግብሩ ግን ጣሪያ ሳይሆን ፈጥኖ የሚፈርድ ይግባኝ ሰሚ ይሰጠን።

የማርቆሱ ነጋዴ፦
ይግባኝ? የ2008ቱ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ለይግባኝ ኮሚሽኑ ከማመልከትህ በፊት ካከራከረህ ታክስ 50 በመቶውን ክፈል ይላል። ግማሹን ከየት አምጥቼ ነው የምከራከረው?